ሙታንን የሚያስተዋውቀው ሹር

እያንዳንዱ ሸለቆ አንድ ቄስ፣ አንድ ሰካራምና አንድ ዘር ቆጣሪ አለው። ቄሱ ሲሞት ሌላ ይላካል፤ ለሰካራሙም ተተኪ አይጠፋም። ዘር ቆጣሪው ግን አይሞትም። ሙታኑ ሁሉ ስለሚያውቁት ይመስለኛል፣ ገና ከበር ሲያዩት «ደግሞ መጣ!» ብለው ይመልሱታል።

እዚህ ኖርዌይ፣ የእኛው ሹር ይባላል። ባሕረ ሰላጤውን በሚያሻግረው ጀልባ ላይ ዕድሜውን ሙሉ ትኬት ሲቆርጥ የኖረ ሰው ነው። ያኔም ቢሆን ትኬቱን የሚሰጥህ የእናትህን አባት ከነገርከው በኋላ ነበር። ጡረታ ሲወጣ ተሳፋሪው ሁሉ ተገላገልን ብሎ ነበር፤ አልተገላገልንም። ክቡርነታቸው ከጀልባ ወርደው ሸለቆውን በእግራቸው ይዞሩት ጀመር።

አንድ አባባል አለው፤ «እሱ እንኳ የሩቅ አይደለም» ይላል። ስለ ንጉሥ ብታወራው የሩቅ አይደለም፤ ስለ ሌባ ብታወራውም የሩቅ አይደለም። የጎረቤታችንን ባል በቀበርን ቀን ሰው ሁሉ ሚስቲቱን እየጨበጠ እግዚአብሔር ያጽናሽ ሲል፣ ሹር እጇን ይዞ ቀረና «ባልሽ እኮ የሩቅ አልነበረም፤ በምንዝላትሽ በኩል ሲቆጠር አጎትሽ ይሆን ነበር» አላት። ሴትዮዋ ለቅሶዋን አቁማ «ሠላሳ ዓመት ከአጎቴ ጋር ነው የኖርኩት?» አለች። የዚያን ቀን ከቀብር መልስ ስለ ሟቹ ያወራ ሰው አልነበረም።

ጥርሱን ሊያስነቅል ሄዶ፣ ሐኪሙ ሁለት እጁን አፉ ውስጥ ከትቶ ሳለ «አናህ ሀየት እህሻ ናቸው?» ብሎ ጠይቋል። እናትህ ከየት እርሻ ናቸው ማለቱ ነው። ሐኪሙ ለምዶት ኖሮ ሳይደናገር መለሰለት። ሁለት ወጣቶች ሊጋቡ ቀለበት ባሰሩ ሳምንት ደግሞ ዝምድናቸውን የጻፈበት የጠረጴዛ ልብስ የሚያህል ወረቀት ተሸክሞ ሄደ። የሙሽራይቱ እናት የሣር መቧጠጫ ይዛ እስከ አስፋልቱ ሸኘችው።

እኔ በበኩሌ በአሥራ አራት ዓመቴ ትምህርት ትቼ ወተት ፋብሪካ የገባሁ ሴት ነኝ። ከባሌ ሞት ወዲህ የላይኛውን ክፍል ለእንግዳ አከራያለሁ፣ ድግስ ሲኖርም ለሰበካው አዳራሽ አበስላለሁ። ስለዚህ ዘመድ የሚባለው ነገር ለእኔ የሚታጠብ ሳህን ነው። ዘመድ በበዛ ቁጥር ሳህኑ ይበዛል።

በጋ ሲመጣ አሜሪካኖቹ ይመጣሉ። አያቶቻቸው ከዚህ ሸለቆ በድህነት ወጥተው የሄዱ ናቸው፤ እነሱ ነጭ ጫማ አድርገው ይመለሱና ጭቃ ውስጥ ቆመው ያለቅሳሉ። ሹር ክረምቱን ሙሉ የጥምቀትና የስደት መዝገብ ሲያገላብጥ ከርሞ በጀልባው መትከያ ላይ ይጠብቃቸዋል። አንዱ ከዳኮታ የመጣ ሰውዬ ከንጉሥ ዘር ነኝ ብሎ መጣ። ሹርም ቅድመ አያቱ በቤተ ክርስቲያን በር ላይ በቡጢ ተማትቶ የተቀጣ መሆኑን ነገረው። ሰውዬው ከንግሥናው ይልቅ በቡጢው ደስ ብሎት ሄደ።

ሹር ለእንግዶቹ ሁሉ አስቀድሞ የሚሰጠው ትምህርት አለው። ድሮ እዚህ አገር ሰው የራሱን ስም፣ ከዚያ የአባቱን ስም፣ ከዚያ የሚኖርበትን እርሻ ስም ይይዝ ነበር። እርሻ ከቀየረ ስሙን እንደ በር ቁልፍ እዚያው ትቶ ይወጣል። «ስሙ የመሬቱ ነው፤ ሰውዬው ተውሶት ነው። በስም እንዳትታለሉ!» ይላቸዋል፣ ጣቱን ቀስሮ።

በስም የተታለለው ራሱ ነው።

አርዲስ ሆቭላንድ የምትባል ሴት ከሚኒሶታ ጻፈችለት። ሰባ አራት ዓመቷ ነው፤ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ ኖራ ጡረታ የወጣች። አያቷ ቶስተን ሆቭላንድ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ከዚህ ተሳፍሮ ሄዷል። ሆቭላንድ ደግሞ የሸለቋችን ትልቁ እርሻ ነው፤ ድሮ ከእርሻው ጌታ ልጆች አንዱ ቶስተን ይባል እንደነበርና ወጥቶ እንደቀረ ሁሉም ያውቃል። ሹር ቀኑን ከቀን፣ መርከቡን ከመርከብ አገጣጠመና ሁለት ዓመት ከተጻጻፉ በኋላ ፈረደ፤ የሆቭላንዶች የጠፋችው ቅርንጫፍ ተገኘች። በዚያው ሐምሌ ሆቭላንዶች የዘመድ ጉባኤያቸውን ስለሚያደርጉ እንድትመጣ ተጠራች።

ማረፊያዋ እኔ ቤት ሆነ። ቋንቋ አላስቸገረንም፤ ከአያቷ የተማረችውን የድሮ ኖርዌይኛ ትናገራለች፣ አንዳንዱን ቃል ከሰማሁት ሃምሳ ዓመት ይሆነኛል። የመጣች ዕለት ሻንጣዋን ሳትፈታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ጉንቮር፣ እኔ መሬት ፈልጌ አልመጣሁም» አለችኝ። «ባሌ ሞቷል፣ ልጅ የለኝም፣ ወንድሜን ባለፈው ክረምት ቀበርኩ። ለገና ደውዬ እንኳን አደረሰህ የምለው አንድ ሕያው ሰው ብቻ ባገኝ ይበቃኛል።»

«ነገ ሰማንያ ሆቭላንዶች ታገኛለሽ፤ ከዚያ ስልክሽን ትነቅያለሽ» አልኳት። ሳቀች። ድርሻዋን ሳህን ማጠብም አልተወችም፤ አሜሪካኖቹ ሁሉ እንደዚያ ቢሆኑ ኖሮ ወገቤ እንዲህ ባልሆነ።

ማታውን ሹርም መጣ። የኮመጠጠ ክሬም ገንፎ ሠርቼ፣ ቀረፋና ስኳር ነስንሼበት ማዕድ ቀረብን። አርዲስ ስለ ነገው እያሰበች ኖሮ «አያቴ ስለዚያ ግቢ ይነግረኝ ነበር» አለች። «ልጅ ሆኖ በሆቭላንድ ግቢ ሲያልፍ፣ ዝናብ ቢዘንብ እንኳ ቆቡን አውልቆ ነበር የሚያልፈው።»

የሹር ማንኪያ አየር ላይ ቀረች።

«ማን ነው ቆቡን የሚያወልቀው?»

«አያቴ።»

«በገዛ አባቱ ግቢ?»

«እኔ እንጃ። ጨዋ ልጅ ስለነበረ ይመስለኛል።»

ሹር ተነሣ። ገንፎ ሳይጨርስ ሲነሣ አይቼው አላውቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ የልደት ቀን፣ የመርከብ ስም፣ የወደብ ስም ሲጠይቃት፣ ሰውዬው ምን ያወራ ነበር ብሎ አንዴ አልጠየቃትም።

ጠዋት ገና ምድጃ ሳላያይዝ በሩን አንኳኳ። ጢሙን አልተላጨም፤ ሹራቡን ገልብጦ ለብሷል።

«ጉንቮር፣ ሁለት ናቸው!»

«ምኑ?»

«ቶስተን! አንዱ የጌታው ልጅ ነው፣ አንዱ ከላይ ከጫካው ሥር የሚኖረው የጭሰኛው ልጅ። ጭሰኛው ልጁ በጌታው ፊት እንዲወደድለት በጌታው ልጅ ስም አስጠመቀው። የጌታው ልጅ መርከበኛ ሆኖ ባሕር በላው። አሜሪካ የሄደው የጭሰኛው ነው። ሆቭላንድ የተባለውም የእነሱን መሬት ስለቆፈረ ነው። ከእነሱ ጋር ጠብታ ደም የላትም!»

«ዝም በል» አልኩት።

«እንዴት ዝም እላለሁ?»

«አፍህን በመዝጋት ነዋ! ሴትዮዋ ውቅያኖስ አቋርጣ መጥታለች፤ ዛሬ ሰማንያ ሰው ሊያቅፋት ነው። ማን ይጎዳል?»

«ውሸት ያቀፈው ሰው ይሞቀዋል?»

«ይሞቀዋል። እኔን ጠይቀኝ፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመት በትዳር ኖሬያለሁ።»

«ማን ነው ውሸታሙ?» አለች አርዲስ ከደረጃው ላይ። የክት ልብሷን ለብሳለች።

ሹር ምንጣፉን እያየ ነገራት። አልሸፋፈነም፣ አላሳመረም። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ» አላት። ሹር ይቅርታ ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ሰማሁ፤ ቃሉ አፉ ውስጥ እንደ አዲስ ጫማ ጠበበው።

አርዲስ ደረጃውን ወርዳ መጣች። «ታዲያ ከጭሰኞቹ ማን አለ?» አለች።

«ማንም የለም። እናትና አባቱ ቀድመው ሞቱ። ብሪታ የምትባል እህት ነበረችው፤ እሷም ተቀጥራ ከሸለቆው ወጣች። ከዚያ ወዲህ ዱካዋ ጠፍቷል።»

«ገባኝ» አለችና ኮፍያዋን ከመስቀያው አነሣች። እንደ ፋብሪካችን ቅቤ ያለ ቢጫ ነገር ነው ብል አታምኑኝም፤ ሰፊ፣ ቢጫ፣ ከሩቅ የሚታይ። «በሉ እንሂድ። አያቴ ባርኔጣ ደፍቼ በዚያ ግቢ ሳልፍ ሳያይ መቅረቱ ብቻ ነው የሚያሳዝነኝ።»

የእርሻው ባለቤት ኢንገር ሆቭላንድ ቀጥ ያለች ሴት ናት፤ ፈገግታዋን ለገና ታስቀምጣለች። ሹር በስልክ አስቀድሞ ነግሯታል። አርዲስ ኮፍያዋን እንደደፋች ግቢውን መሐል ለመሐል ስታቋርጥ ሰማንያው ሰው ዞሮ አያት። ኢንገር ከደረጃዋ ወረደች።

«ሆቭላንድ ነሽ አሉኝ።»

«ስማችሁን ይዘን ሄደን ነበር። ይቅርታ።»

«ይሁን፤ አላለቀብንም» አለች ኢንገር፣ ወንበሩንም ሳበችላት።

ደግ ነበሩ፤ ውሸት አልናገርም። ለእንግዳ የሚደረገውን ደግነት ሁሉ አደረጉላት። ሥጋው መጀመሪያ ለእሷ ተቆረጠ፤ ወንበሯም ከጥላው ሥር ነበር። ሁሉም ተራ በተራ ጨበጧት፤ ያቀፋት ግን አልነበረም። ሹር በየጉባኤው አንድ ሰዓት ተኩል ይናገር ነበር፤ ያን ቀን ድምፅ ማጉያውን ሲሰጡት መልሶ፣ ሄዶ አጠገቧ ተቀመጠና ስለ አያቷ ይጠይቃት ጀመር። እሷ ስታወራ እሱ ዝም ብሎ ሰማ። ከወጥ ቤቱ በር ቆሜ አየሁት፤ ለማንም ብነግር አያምነኝም።

ሰኞ በጀልባ ሄደች። መትከያው ላይ «ገንፎው ጥሩ ነበር፣ ጉንቮር» ብቻ አለችኝ። ከባድ ሻንጣዋን ራሷ ነው የተሸከመችው።

ከዚያ በኋላ ሸለቆው ሰላም አገኘ፤ ማንም ግን አልወደደውም። ሹር ቀብር ላይ ይመጣል፣ ይጨብጣል፣ ይሄዳል። ጥርስ ሐኪሙ ሳይቀር «ሰውዬው ታመመ እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ባሉት ሰበካዎች፣ አንዱን ቤተ ክርስቲያን ጨርሶ ወደሌላው እየሄደ መዝገብ ሲያይ ይውላል አሉ። እኔም አንዳንዴ ገንፎ ሳማስል መንገዱን አይ ነበር። ብርዱ ለሽማግሌ መገጣጠሚያ ጥሩ አይደለም፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ኅዳር ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጣ። ጫማውን በር ላይ አወለቀ፤ ካልሲው እርጥብ ነው፣ አውራ ጣቱ ወጥቷል። እኔ ድንች እልጥ ነበር።

«ብሪታን አገኘኋት» አለኝ።

«ሞታ ነዋ።»

«ሞታ ነው። ማዶ ተሻግራ ሳንደ ከሚባል እርሻ ተቀጥራ ነበር። ስሙን እዚህ ጥላ፣ እዚያ የእርሻውን ስም ይዛ። ለዚህ ነው የጠፋችብኝ። ብሪታ ሳንደ ነው የምትባለው፣ ጉንቮር።»

ቢላዋው ድንቹ ላይ ቆመ። ብሪታ ሳንደ የእናቴ እናት ናት። ብሪታ የሞተችው እናቴ አንቀልባ ላይ ሳለች ነው፤ እኛ የምናውቀው የመቃብር ድንጋዩ ላይ ያለውን ስሟን ብቻ ነው። ከየት መጣች ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ወተት ማለብና ድንች መልቀም ነበረብን።

«አያትሽና አያቷ እህትና ወንድም ናቸው» አለ ሹር። ዓይኑ እንደ ሕፃን ዓይን ሆኗል። «ሦስት ቦታ አመሳክሬዋለሁ። እሷ እንኳ የሩቅ አይደለችም።»

ሌላ ቀን ቢሆን ሂድ ወደዚያ፣ ካልሲህን አድርቅ እለው ነበር። እጄን በሽርጤ ጠረግኩ። አርዲስ አገር ገና ረፋድ ነው። ቁጥሩን በቃሉ ያውቀው ኖሮ እሱ ደወለ፣ መነጋገሪያውንም ለእኔ ሰጠኝ። ከዚያ ጆሮውን ከጆሮዬ ጋር ሊያጣብቅ ተጠጋ፤ የሱፍና የመዝገብ አቧራ ይሸታል። ጠጋ ብዬ ቦታ ለቀቅኩለት።

«ሄሎ?» አለች ሩቅ ሆና።

«አርዲስ፣ ጉንቮር ነኝ።»

«ጉንቮር! ምነው፣ ምን ረስቼ ሄድኩ? መነጽሬን ነው?»

«መነጽርሽን አይደለም» አልኳት። «እኔን ነው።»