ወንበር ገልባጩ ጋሽ ተወልደ

በየሰፈሩ አንድ ወንበር ገልባጭ አይጠፋም። ሌላው ሰው እንግዳ ሆኖ ሲሄድ ስለ ጤና ይጠይቃል። ወንበር ገልባጭ ግን የሚቀመጥበትን ዘቅዝቆ እግሩን ሳይመረምር ሰላም ለማለት እንኳ አፉ አይከፈትም። ለእኛ ለካዛንቺስ ሰዎች የደረሱን፣ ክቡር ሊቀ ቶርኖ ጋሽ ተወልደ ነበሩ።

የጎረቤታችን የፈትያ አባት ያረፉ ዕለት፣ የእድሩ አግዳሚ ላይ የተቀመጡ አራት ሽማግሌዎችን አስነስተው አግዳሚውን ገለበጡት። "ሚስማር!" አሉ፣ ከሟቹ ይልቅ ለአግዳሚው እያዘኑ። ኦሎምፒያ አዲስ የተከፈተ ካፌ ውስጥ ደግሞ፣ ምን ልታዘዝ ላለቻቸው አስተናጋጅ "መጀመሪያ እግሩን ልየው" ብለው መልሰው ልጅቷ ጫማዋን ደብቃለች። ሰርግ ላይ ከሙሽሮቹ ዙፋን የሚያርቋቸው ባለቤታቸው እማማ ለተገብርኤል ብቻ ነበሩ፤ ኮታቸውን ጨብጠው አይለቁም።

እኔ እጃቸው ላይ የወደቅኩት በ2001 ዓ.ም. ነው። በሥነ ጽሑፍ ተመርቄ ሥራ ፍለጋ ስዞር፣ ከግቢያችን ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ ቤታቸው በር ላይ ቆም ብዬ የእንጨት መቅረጫ ቶርኖው ሲሠራ አየሁ። አራት ማዕዘን እንጨት ሲሽከረከር ጠርዙ ጉም ይሆናል። መሮው ሲነካው ጉሙ እየተገፈፈ፣ ከውስጡ አንገት፣ ትከሻ፣ ወገብ ይወጣል። ፈዝዤ ቀረሁ።

"አፍሽን ዝጊ፣ ሰጋቱራ ይገባል" አሉኝ። በማግስቱ ሽርጥ ሰጡኝ።

ሁለት ዓመት ተማርኩ፤ መሰደብ መማር ከሆነ። መጀመሪያ ያወጣኋቸውን አራት የጠረጴዛ እግሮች ሁለተኛውን ከመጀመሪያው፣ ሦስተኛውን ከሁለተኛው እየለካሁ ነበር የቀረጽኳቸው። ልክ የሚወሰደው ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ናሙና ነው እንጂ ካለፈው እግር አይደለም ብለው ጮኹብኝ። በየቅጂው የፀጉር ያህል እየተሳተ፣ መጨረሻ ላይ አራቱ እግሮች የማይተዋወቁ ይሆናሉ። ከናሙናው መለካት ከጀመርኩ በኋላም አልዳንኩም። ዓይናቸውን ጨፍነው በአውራ ጣታቸው የእግሮቹን ወገብ ይዳስሱና ፍርድ ይሰጣሉ፦ "ሦስተኛዋ በልታ መጥታለች።" ከዚያ ወደ ማገዶው ትወረወራለች። ለምን ሁልጊዜ ሦስተኛዋ እንደሆነች ብጠይቃቸው፣ ሁለት ሲሳካልሽ ስለምትኮሪ ነው አሉ።

ከአፋቸው "ጥሩ ነው" የሚል ቃል ለመስማት የነበረኝ ጉጉት፣ ግጥሜ ጋዜጣ ላይ እንዲወጣ ከነበረኝ ይበልጥ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ። አልወጣቸውም።

ከዚያ ሰፈሩ ለልማት ይነሳል ተባለ። በየበራችን ላይ ቀይ ኤክስ ተቀባ። ጋሽ ተወልደ የእሳቸውን በጥፍራቸው ፋቅ አድርገው፣ ቀለሙ ሁለተኛ እጅ አለመደገሙን ታዘቡ። በሳምንቱ ዶዘር መጣ። ሰፈሩ በሙሉ እንደ ወንበር ተገለበጠ፤ እግሩን ያየለት ግን አልነበረም። ቶርኖው ለአንድ የቄራ ሰው ተሸጠ። እሳቸውና እማማ ለተገብርኤል ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ገቡ።

ከስምንት ወር በኋላ ልጠይቃቸው አሰብኩ። ቄራ ሄጄ፣ አዲሱን ባለቤት ለምኜ፣ በያኔው ቶርኖ ከዋንዛ አራት እግር አወጣሁ። ሦስቱ አንድ ናቸው። ሦስተኛዋን ግን ሆን ብዬ ወገቧን አወፈርኳት። ሰው ለጥየቃ ብርቱካን ይዞ ይሄዳል፤ እኔ የሚቆጡበት ጥፋት ይዤላቸው ሄድኩ።

ሳሎኑ ውስጥ ልጃቸው የገዛላቸው የኤምዲኤፍ ወንበሮች ተደርድረዋል፣ እግራቸው ብረት ነው። ጋሽ ተወልደ አንዱ ላይ ተቀምጠው በመስኮቱ ያያሉ። ገልብጠውት ያውቁ እንደሆነ እማማ ለተገብርኤልን በሹክሹክታ ጠየቅኳቸው። ራሳቸውን በአሉታ ነቀነቁ።

አራቱን እግሮች ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩ። አንድ በአንድ ዳሰሷቸው። ሦስተኛዋ ላይ ሲደርሱ አውራ ጣታቸው ወገቧ ላይ ቆመ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ እንደገና ቆመ። ጣታቸው እንዳወቃት አየሁ።

"ጥሩ ናቸው" አሉ።

"ጋሼ፣ ሦስተኛዋን እንደገና ይዩልኝ።"

"አየኋት እኮ። ጥሩ ናት፣ ልጄ።"

ልጄ ብለውኝ አያውቁም ነበር።

ሁለት ዓመት የጓጓሁለትን ቃል ይዤ አራቱን ፎቅ ወረድኩ። እግሮቹን በብብቴ አቅፌ፣ እንደ ተሰደበ ሰው እያለቀስኩ።

በአራቱ እግሮች የሠራሁት ጠረጴዛ አሁን ቤቴ ቆሟል። ሦስተኛዋን እግር አልቀየርኳትም። እንግዳ በመጣ ቁጥር ከጎኑ አስቀምጠውና እጁን አያለሁ። ሁሉም ስለ ጤናዬ ይጠይቀኛል። እስካሁን የገለበጠው የለም።