«አዎ» ብዬ የተረከብኩት ጽዋ

በዚህ ዓለም ላይ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ያለው በገዛ ቋንቋችሁ ውስጥ ብቻ ነው! የተቀረው ሕዝብ በሙሉ የመጨረሻው ሚኒባስ ሊያመልጠው እንደሆነ ሁሉ ነው የሚያወራው። አትስቁ! አላምንም ያለ አንድ ቅዳሜ እንጅባራ ገበያ ይምጣና ሁለት እናቶች ድንች መሃል ተቀምጠው በአዊኛ ሲጨዋወቱ ያዳምጥ። እኔ አዳምጫለሁ። የት ላይ እንደሚተነፍሱ ስጠብቅ እኔው ትንፋሽ አጠረኝ።

የዳንግላ ልጅ ነኝ። ከአማርኛ ሌላ አላውቅም ነበር። እንጅባራ ውስጥ ሞባይል እጠግናለሁ። ትርንጎ የምትባል ልጅ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ ይዛ መጣች፤ ስልኩ ተሠራ፣ እኔ ግን ተበላሸሁ። ሽማግሌ ላክሁ። አባቷ ጋሽ ፈንታ የዘንገና ገበሬ ናቸው፤ አማርኛውንም አዊኛውንም አሳምረው ይናገራሉ። ሽማግሌዎቹን አብልተው አጠጥተው ሲያበቁ እንዲህ አሉ፦

«ልጁን አልጠላሁትም። ግን ልጄን የምሰጠው እኔን ለሚሰማኝ ሰው ነው። ሚስቴ ስትመርቀው ምን እንዳለችው ሳያውቅ አሜን የሚል አማች አልፈልግም! እስከ ፋሲካ አዊኛ ይማር። ከሰማኝ ይወስዳታል። ካልሰማኝም... ያው፣ ስልኩን ይጠግን!»

እናላችሁ ትምህርት ተጀመረ። አስተማሪዬ ትርንጎ ራሷ ናት።

«ቀስ በይልኝ እንጂ!»

«ቀስ ብዬ እኮ ነው።»

«ይሄ ነው ቀስ?»

«ከዚህ በላይ ቀስ ካልኩ እንቅልፍ ይወስደኛል!»

እንግዲህ ሙያዬ ምን ይሠራል? ጋሽ ፈንታ፣ በኋላ ትርንጎ እንደነገረችኝ፣ በሬያቸውን ስለነከሰ ውሻ ለጎረቤት በአዊኛ ሲያወሩ በስልኬ ቀዳሁና ቤቴ ገብቼ ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሼ ከፈትሁት። ኧረ ጉድ ነው! ሰውየው ጋን ውስጥ ገብተው የሚያቃስቱ መሰሉ። ቀስ አለ፣ በጣም ቀስ አለ፤ ግን የት ላይ አንዱ ቃል አልቆ የት ላይ ሌላው እንደሚጀምር ብትጠይቁኝ አላውቅም ነበር! እንደ ጽሑፍ በየቃሉ መሃል ክፍተት ያለ ይመስለኝ ነበር። በንዴት የአከራዬን የእትየ ውዴን አማርኛ ቀድቼ ሰማሁት። እዚያም ክፍተት የለም! ለካስ እትየ ውዴም ያለማቋረጥ ነው የሚያወርዱት፤ የምቆራርጠው እኔ ነኝ። የራሴን ቋንቋ ስሰማ ጆሮዬ ቢላዋ ይዞ ይጠብቃል፣ የሰው ሲሆን ግን ባዶ እጁን ነው። የትርንጎ አክስት ደግሞ አማርኛ ብዙም የማይሰሙ ሴትዮ ናቸው፤ እኔ ከጓደኛዬ ጋር በስልክ ሳወራ ቆመው አዩኝና ለትርንጎ በአዊኛ አንድ ነገር አሏት። ምን አሉ ስላት፣ «ይሄን ልጅ ማነው የሚያባርረው? አሉ» አለችኝ።

ይሄን ሁሉ ካወቅሁ በኋላ ጆሮዬን መሳል ነበረብኝ። እኔ ግን ምን አደረግሁ? አቋራጭ ፈለግሁ! የሚያወራኝ ሰው ድምፅ መጨረሻ ላይ ከፍ ካለና ዓይኑን እኔ ላይ ከተከለ ጥያቄ ነው ማለት ነው። ለጥያቄ ደግሞ «አዎ» ማለት ጨዋነት ነው። በአዊኛ «አዎ» ማለትን እንደ ስሜ አጠናኋት፤ ከዚያ በኋላ ሠላሳ ቃል ከማወቅ አንድ «አዎ» በቦታዋ መጣል ይበልጣል ብዬ ተኮፍሼ ቁጭ።

ሚካኤል ደረሰ። የወሩ የጽዋ ማኅበር ተራ የጋሽ ፈንታ ስለነበር እኔም ተጠራሁ። የቀርከሃ ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም አለቃው፣ አባ አየነው የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ጉሮሯቸውን ጠረጉና በአዊኛ ለቀቁት... መጨረሻው ከፍ አለ። ዓይናቸው እኔ ላይ ነው።

«አዎ!» አልሁ።

ቤቱ ደስ አለው። አባ አየነው ሌላ ጠየቁ። «አዎ!» ሦስተኛው ረዘም ያለ ስለነበር፣ ላለመሰሰት፣ ሁለት ጊዜ «አዎ አዎ» አልሁ። ይሄኔ እልልታ! ቄሱ ተነስተው ጸለዩና ዳቦ የተቀመጠበትን፣ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነውን ጽዋ ሰጡኝ። በሁለት እጄ ተቀብዬ ተሳለምሁ። ትርንጎ በር ላይ ቆማ አፏን በነጠላዋ ይዛለች። እኔ ደግሞ፣ በሉ ታዘቡኝ፣ ጠቀስኋት!

ውጭ ስንወጣ ክንዴን ያዘችኝ።

«ምን እንዳልክ ታውቃለህ?»

«ፈተናውን አለፍሁ!»

«ማኅበር ትገባለህ ወይ አሉህ፣ አዎ አልክ። የሚቀጥለው ተራ የደረሰው ሰው ሐዘን ላይ ነው፣ ትረከብለታለህ ወይ አሉህ፣ አዎ አልክ። ቤትህ ሠላሳ ሰው ይይዛል ወይ አሉህ...»

«እሺ?»

«እሱን ሁለት ጊዜ አዎ አልክ!»

ወይ እኔ! የተከራየኋት ክፍል አልጋው ሲገባ እኔ የምወጣባት ናት። ጽዋ ደግሞ ከሚካኤል ፊት ተረክበህ «ሳላውቅ ነው» ብለህ አትመልስም። ጋሽ ፈንታ እስከ መንገዱ ሸኙኝና በአማርኛ ጠየቁኝ፦

«ለመሆኑ ሰምተኸኛል?»

«አዎ።»

«እሷን ቃል ተዋት!» አሉ በቁጣ። «በመጪው ሚካኤል ቤትህ እመጣለሁ። ያኔ ካልሰማኸኝ የኔና ያንተ ነገር አለቀ።»

ያን ወር እንዴት እንዳለፈ እኔና ጆሮዬ ነን የምናውቀው። «አዎ»ን እርግፍ አድርጌ ተውሁ። ስልክ ሊያሠራ የመጣውን የገጠር ሰው ሁሉ ወሬውን እስኪጨርስ አስቀምጠው ጀመር፤ ኔትወርክ ስለሌለው ስልክ ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ ስለ ገብሱ አውርቶልኝ ነው የሚሄደው። በዚህ መሃል እትየ ውዴ ጠላውን ጠመቁልኝ፣ አልጋዬ ግቢ ወጣ፣ አግዳሚ ወንበር ከዕድር መጣ።

ሠላሳ ሰው ስጠብቅ ስንት መጣ በሉኝ? አርባ አምስት! ማኅበርተኛው ብቻ አይደለም፣ የትርንጎ ዘመድ አዝማድ ሁሉ «ሁለት ጊዜ አዎ ያለውን ልጅ» ሊያይ በባጃጅ እየተደራረበ መጣ። ጠላው ወደ መገባደጃው ሲሆን ላብ አጠመቀኝ። ጓሮ ዞርሁና... ምን ልደብቃችሁ... ሁለት ጆግ ውሃ ጨመርሁበት። አስቤበት አይደለም፣ እጄ በፍጥነት ነው የሠራው።

እየዞርሁ ስቀዳ ያቺ የትርንጎ አክስት አንድ ጊዜ ጎንጨት አደረጉና ወደ ጎረቤታቸው ዘንበል ብለው በአዊኛ አንድ ነገር አሉ። እናም ሰማሁ! እመኑኝ፣ አልሮጠም! ቃል በቃል ነው የመጣልኝ፦

«ይሄ ጠላ ከዘንገና ሐይቅ ነው የተቀዳው?»

ሳላስበው አፌ ተከፈተ። በአዊኛ፣ በጠማማው አዊኛዬ፦

«አይደለም እማማ፣ ከቧንቧ ነው። የጨመርሁትም እኔ ነኝ።»

አርባ አምስት ራስ ወደ እኔ ዞረ። ጆጉን እንደያዝሁ ደርቄ ቀረሁ፤ ትርንጎን በገዛ አፌ አጣኋት ብዬ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ጋሽ ፈንታ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ።

«ሰማ!» አሉ። «እናንተ፣ ልጁ ሰማ እኮ!»

ሳቁ ሲፈነዳ ጣሪያው የሚነሳ መሰለኝ። አክስትየዋ ከሁሉም በላይ ሳቁና ግንባሬን ሳሙኝ። ጋሽ ፈንታ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቀው ብርጭቋቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። «ከፋሲካ በኋላ ሰርጉ ይሁን» አሉ። «ጠላውን ግን እኔ ቤት ነው የሚጠመቀው፤ አንተ ወደ ጋኑ ድርሽ እንዳትል!»

አሁን ትርንጎ ሚስቴ ናት። አዊኛም ከቀን ወደ ቀን ቀስ እያለልኝ ሄዷል። ድሮ ስትቆጣኝ ነገሩ ሁሉ ሽው ብሎ ያልፈኝ ነበር፤ እኔም ፈገግ ብዬ እራቴን እበላ ነበር። ዛሬ ስለ ስንፍናዬ፣ ስለ ኩርፊያዬ፣ ስለ ማንኮራፋቴ የምትለው እያንዳንዷ ቃል ተራዋን ጠብቃ፣ ተለይታ፣ ቁልጭ ብላ ትገባለች። ትናንት አላስችል ቢለኝ ለመንኋት፦

«እባክሽ ትርንጎዬ... ትንሽ ፍጠኚልኝ!»