የመመለሻውን አትቁረጪ

አያ ቢያዝን ጎረምሳ ሳለ፣ ገብስ በጫነ ማኪና ላይ ተሳፍሮ ሊማሊሞን ሲወርድ ማኪናው በጭጋጉ ውስጥ መንገዱን ሳተ። ሾፌሩም፣ ረዳቱም፣ ገብሱም ገደል ገቡ። እሱ ከአፋፉ በታች በበቀለች አንዲት የአስታ ቁጥቋጦ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ጭጋጉ እስኪገለጥ ድረስ ከእግሩ ሥር መሬት ይኑር አይኑር አላወቀም። ከደባርቅ የመጡ ሰዎች በገመድ ስበው ሲያወጡት ከአፉ የወጣው የመጀመሪያ ቃል "ከእንግዲህ ከሚንቀሳቀስ ነገር ላይ አልወጣም" የሚል ነበር ይባላል። ቃሉን ጠብቋል። ከዚያ ወዲህ በቅሎ ላይ እንኳ ተቀምጦ አያውቅም። ከሰፈራችን ከቁስቋም ፒያሳ በእግሩ ይወርዳል፤ አምባ ጊዮርጊስ ለቅሶ ካለበት ከዋዜማው በእግሩ ይነሳል።

እንግዲህ የሰፈራችንን የአየር በረራ የሚያስተዳድረው ይህ ሰው ነው።

ልጆቹ ባሕር ማዶ የተሻገሩበት ሰፈር ሁሉ እንዲህ ያለ አንድ ሰው አለው። አውሮፕላን ሲያልፍ ከማየት በቀር የማያውቀው ነው፤ ነገር ግን የትኛው በረራ እንደሚዘገይ፣ የትኛው ወንበር እግር እንደሚያሳጥፍ፣ ከየትኛው መስኮት ምን እንደሚታይ ይናገራል። የኛው ሊቀ በረራ ቢያዝን ነው። ማዕረጉን የሰጠነው እኛ ነን፤ እሱም "አይገባኝም" አላለም።

ባሕር ማዶ ያለ ሰው እስከ አዲስ አበባ የሚያደርሰውን ትኬት ራሱ ይቆርጣል። ከኦስሎ ይነሳ ከሜልበርን፣ ለዚያ አማካሪ አይሻም። የሚቸግረው ከአዲስ አበባ አዘዞ አየር ማረፊያችን የምታደርሰው አጭር በረራ ናት። ካርዱ አልቀበል ይለዋል። የአያቱ ስም ፓስፖርቱ ላይ ከተጻፈው ጋር አይገጥምም። ጧት ያየው ወንበር ከሰዓት በኋላ የለም። ያን ጊዜ በኢሞ ይደውላል። አያ ቢያዝን ስልኩን ስለሚያስጠጋው ለደዋዩ የሚታየው ግንባሩ ብቻ ነው።

"ምነው የከሰዓቱን ያዝሽ?" ይላል ግንባሩ።

"እሱ ይሻላል ብዬ ነው፣ አያ ቢያዝን።"

"ከሰዓት ደመና አለ። የጧቱን ያዥ። በግራ በኩል፣ መስኮት አጠገብ። ጣናን እያየሽ ትመጫለሽ፤ ሸጋ ነው።"

"አንተ አይተኸው ታውቃለህ?"

"የላክኋቸው ሁሉ አይተውታል።"

ፒያሳ ያለው ትኬት መቁረጫ ሲገባ ይመኙሽ ከወንበሯ ትነሳለች። ይመኙሽ ትኬት ቆራጫችን ናት፤ ለባለሥልጣን ስትነሳ አላየሁም። እሱ ቆሞ ይነግራታል፣ እሷ ትጽፋለች። ምክሩን የናቀ ደግሞ የሚያገኘውን ያገኛል። ቶሮንቶ ያለው መዝሙር "እኔ የተማርሁ ሰው ነኝ፣ ራሴ እቆርጣለሁ" ብሎ ለጥምቀት ጥር አሥራ አንድን ያዘ፤ የያዘው ግን በፈረንጅ ጥር ነው። የፋሲል መዋኛ ገና ውኃ እየተሞላ ሳለ በነጭ ልብስ አምሮ ከተፍ አለ። አያ ቢያዝን ደጁ ድረስ ሄዶ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀበለው።

"እንኳን ደኅና መጣህ። ከመጥምቁ ዮሐንስም ቀደምህ።"

እስከዚህ ድረስ ሰው ይስቃል። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን ቁስቋም ውስጥ ጮክ ብሎ የሚያወራ የለም።

አያ ቢያዝን አንዳንድ ጊዜ ሳይደወልለት ይደውላል። ስቶክሆልም ነርስ የሆነችው ዓይናዲስ ሥራ ላይ ሳለች ደወለ። "ለኅዳር መጀመሪያ አንድ ወንበር ያዥ" አላት። "የመመለሻውን አትቁረጪ።" እናቷ በዚያው ሳምንት ገበያ ወርደው በርበሬ ተሸክመው የተመለሱ ጠንካራ ሴት ነበሩ። ልጅቱ እየሳቀች መጣች። እናትና ልጅ ጥቂት ቀን አብረው ሰነበቱ፣ ተጫወቱ፣ አንድ ማለዳ እናቷ እንደተኙ ቀሩ። ሜልበርን ታክሲ የሚነዳው እንዳልካቸውም ተደውሎለት ነበር። "ሥራ አለብኝ፣ ለፋሲካ እመጣለሁ" አለ። የመጣው ለአባቱ መቃብር ነው።

የኛን ልማድ አንባቢ ያውቃል። መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ሲሞት ውጭ ላለው ልጅ "ትንሽ አሟቸዋል፣ ብቅ በል" ይባላል፤ እውነቱን ጧት በማለዳ ዘመድ ተሰብስቦ ቤቱ ገብቶ ይነግረዋል። ስለዚህ "ትንሽ አሟቸዋል" የሚለውን የሰማ ልጅ ያኔውኑ ማልቀስ ይጀምራል። አያ ቢያዝን ግን አሟቸዋል እንኳ አይልም። "የመመለሻውን አትቁረጪ" ብቻ ይላል። አሁን ባሕር ማዶ ያሉ ልጆቻችን ስሙ ስልካቸው ላይ ሲመጣ ስልኩን አልጋ ላይ ጥለው ከክፍሉ ይወጣሉ አሉ።

እኔ ፊደል የቆጠርሁት ሽበት ከጀመረኝ በኋላ ነው፤ የሰማሁትን ሁሉ ቶሎ አላምንም፤ አያ ቢያዝንንም እንደማልወደው ለሰው እናገር ነበር። ነገር ግን በዓይኔ ያየሁት አለ። በየጧቱ ከእቴጌ ምንትዋብ ግምብ ፍራሽ አጠገብ ይቆማል። ጭጋጉ ከግድግዳው ላይ ሳይነሳ፣ ምንም ድምፅ ሳይኖር፣ ፊቱን ቀስ ብሎ ወደ አዘዞ ያዞራል። ግምቡ ላይ የሰፈሩት ቁራዎች ጸጥ ይላሉ። ከዚያ ቆይቶ፣ እኔ መጠበቅ ሲሰለቸኝ፣ የአውሮፕላኑ ድምፅ ከሩቅ ይመጣል።

ባለፈው ታኅሣሥ ፒያሳ ወርጄ በትኬት መቁረጫው በር ሳልፍ ይመኙሽ ጠራችኝ።

"አያ ይበልጣል፣ እንኳን ደስ አለህ። ፋሲካ ልትመጣ ነው።"

ፋሲካ ልጄ ናት። ኦስሎ ከገባች ዓመታት አልፈዋል። መጀመሪያ በየበዓሉ "ዘንድሮ እመጣለሁ" ትል ነበር። እየቆየ እሷም ማለቱን ተወች፣ እኔም መጠየቁን ተውሁ። ልጅ ሥራ አለባት፤ እኔም የምለምን ሰው አይደለሁም።

"ማን ነገረሽ?" አልኋት።

"አያ ቢያዝን ነው ከሷ ጋር ተነጋግሮ ወንበር ያስያዘላት። የማክሰኞ ጧቱን።"

"መመለሻውስ?"

ይመኙሽ አንገቷን ደፋች። "እሱ አልተቆረጠም" አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ ተለወጠብኝ። የእድሩ ዳኛ ቢሻው፣ በሩቁ አገጩን ነቅንቆ የሚያልፈኝ ሰው፣ እጄን በሁለት እጁ ይዞ አልለቅ አለ። የንስሐ አባቴ ቄስ ወልደ ዮሐንስ ሳይጠሩ መጡ፤ "እንዲሁ በእግረ መንገዴ ነው" አሉኝ። ቤታቸው የከተማው ወዲያኛው ጫፍ ነው። ሴቶቹ እኔ ሳልፍ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። ቤተ ክርስቲያን ስሳለም ዓይኔ ሳላዘው ወደ መቃብሩ ሄደ፤ ከባለቤቴ ጎን ያለው ቦታ ሣሩ ታጭዷል። ማን እንዳጨደው አልጠየቅሁም። ክብር ያለው ሰው እንዲህ ያለውን አይጠይቅም። ይልቅ ቤቴ ገብቼ ሱሪና ጫማዬን አስተካከልሁ፤ ከዚያም ደረቴ ላይ እጄን አድርጌ ልቤን ሳዳምጥ ዋልሁ። ይመታል። ግን እንደ እንግዳ ነው የሚመታው፣ ተነስቶ ለመሄድ እንደተዘጋጀ።

ሞቱን እችለዋለሁ። የማልችለው ሳላያት የሄድሁ እንደሆነ ነው። ማክሰኞ ሩቅ ሆነብኝ።

በማግስቱ ጧት ወደ ግምቡ ሄድሁ። ጭጋጉ እጅን አያሳይም።

"አያ ቢያዝን።"

"እዚህ ነኝ" አለኝ ጭጋጉ።

"ምን አየህብኝ?"

"ምንም።"

"መቼ ነው?"

"ማክሰኞ በጧቱ።"

"የሷን አልጠየቅሁህም።"

"እኔ የማውቀው የሷን ብቻ ነው" አለ። ደግሞም "ጋቢህን ደርብ፤ አዘዞ ጧት ይበርዳል" አለኝ።

ማክሰኞ ደረሰ፤ እኔም አለሁ። በባጃጅ አዘዞ ወረድሁ። አያ ቢያዝን ከቁስቋም በእግሩ ተነስቶ ቀድሞኝ ቆሟል። ጫማው ላይ አቧራ አልነበረም፤ ይህን እስካሁን ለማንም አልተናገርሁም። አየር ማረፊያው በጭጋግ ተውጧል። ድምፁ ከላያችን መጣ፣ አለፈ፣ ዞሮ መጣ። አውሮፕላኑ አይታይም። የሚጠብቀው ሰው "አይወርድም፣ ወደ አዲስ አበባ ሊመለስ ነው" ይል ጀመር። ድምፁ እየራቀ ሲሄድ ከአጥሩ ተደገፍሁ። ልጄ እዚያ ላይ፣ ከጭጋጉ በላይ፣ እኔ እዚህ ታች። ኦስሎ ከገባች ወዲህ ከዚህ በላይ ተቀራርበን አናውቅም ነበር።

አያ ቢያዝን ፊቱን ቀስ ብሎ አዞረ። ድምፁም ተመለሰ፤ አውሮፕላኑ ከጭጋጉ ሆድ ወጥቶ ወረደ።

ፋሲካ ስትወጣ ጥቁር ለብሳለች። ጥቁር ነጠላ ተከናንባለች። በዓይኗ የምትፈልገው ደግፎ የሚያስለቅሳትን ዘመድ ነው። ከሰዉ መካከል እኔን አየች፤ ቆመች። ደሟ ከፊቷ ላይ ጠፋ። የሞተ ሰው ያየ እንዲያ እንደሚሆን ያን ዕለት አወቅሁ፤ በሷ ልብ እኮ አይታለች።

"አባዬ?"

"ምነው ዘገየሽ" አልኋት።

ደረቴን በጡጫ መታችው፣ መልሳ አቀፈችኝ። ብዙ ካለቀሰች በኋላ ዞረች።

"አያ ቢያዝን፣ ከኦስሎ እስከዚህ እያለቀስሁ ነው የመጣሁት። ምነው እንዲህ አደረግኸኝ?"

"ሞተ አልሁሽ?"

"አላልህም። የመመለሻውን አትቁረጪ አልኸኝ።"

"እና? ስንት ቀን መቆየት እንደሚያምርሽ እዚያ ሆነሽ በምን ታውቂያለሽ?"

ከጥምቀት በኋላ፣ ራሷ በመረጠችው ቀን ተመለሰች። እኔም፣ አንባቢ እንደሚያየው፣ እጽፋለሁ። ሣሩን ያጨዱት የደብሩ አገልጋዮች ኖረዋል፤ የሁሉንም መቃብር ነው ያጨዱት።

ከሄደች በኋላ ግን አያ ቢያዝንን ለማን ልጅ መደወል እንዳለበት በምን እንደሚያውቅ እንዲነግረኝ ያዝሁት።

"በየጧቱ በዚህ ስታልፍ 'ከፋሲካ ወሬ አለ?' ትለኝ ነበር" አለኝ። "ከመስከረም ወዲህ ተውህ። የዓይናዲስ እናትም መጠየቅ ትታ ነበር። የእንዳልካቸው አባትም። ሰው መጠየቁን ሲተው እኔ ወንበር እይዛለሁ።"

ምሥጢሩ ይኸው ብቻ ከሆነ ፍርሃቴ ይለቀኛል ብዬ ነበር። ባሰብኝ። አሁን በመንገድ ሳልፍ ማን መጠየቁን እንደተወ ለኔም ይሰማኛል። ከአንዳንድ ደጅ የሚወጣው ዝምታ ከሌላው ይለያል።

ስለዚህ በየጧቱ ግምቡ ጋ እየሄድሁ "ፋሲካ መቼ ነው የምትመጣው?" እላለሁ፤ ጮክ ብዬ፣ ጭጋጉም እንዲሰማ። የእድሩ ዳኛ ቢሻውም ከኋላዬ ተሰልፎ ይጠይቃል፤ የሱ ልጅ የምትኖረው ከቤቱ ቀጥሎ ሁለተኛው በር ነው። ሊቀ በረራ ቢያዝን ለሁላችንም በትዕግሥት ይመልሳል። አንድ ጧት ከቦታው ባጣው እግሬ ሳላዘው ወደ ቤቱ ወሰደኝ። እሳት እያነደደ አገኘሁት፤ ጉንፋን ይዞታል። አጠገቡ ተቀምጬ ዋልሁ። እንደማልወደው ለሰው ስናገር የኖርሁት ያን ቀን አበቃ።

"ይህን ሁሉ ሰው ስታመላልስ ኖርህ" አልሁት። "ለመሆኑ ከዚህ ሁሉ ላንተ ትልቁ ነገር ምንድን ነው?"

እሳቱን ቆስቁሶ መለሰልኝ።

"ቀብር ላይማ ሰው አይጠፋም። እኔ የምፈልገው ልጅቱ ስትመጣ ምነው ዘገየሽ ብሎ የሚቆጣት ሰው እንዲጠብቃት ነው። ሲቆጣት ከሰማሁ፣ ለኔ ይበቃኛል።"