ሙቀት የለመዱት ሰው

ሙቀት ለምጃለሁ የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ካልገጠማችሁ ሰመራ ብቅ በሉ። የመሥሪያ ቤታችን ጋሽ ታደሰ ከደጋ መጥተው እዚሁ ያረጁ ናቸው። እኛ ማራገቢያ ሥር ተኮልኩለን ስናለከልክ፣ እሳቸው ኮታቸውን እንደለበሱ «ይሄም ሙቀት ተብሎ!» ይሉናል። ሰውነታቸው ከምን ቢሠራ ይሆን? ሁሌም ይገርመኝ ነበር።

ባለፈው ግንቦት መብራት በጠፋበት ቀትር፣ «እዩ፣ ላብ እንኳ የለኝም!» ብለው ግንባራቸውን አስነኩን። እውነትም ደረቅ ነው፤ ግን ፀሐይ ላይ እንደዋለ የከባድ መኪና ኮፈን ይፋጃል። አድንቀን ሳንጨርስ ተዝለፍልፈው ወደቁ። ኮታቸውን አውልቀን፣ ውሃ እያፈሰስንባቸው ዱብቲ ሆስፒታል አደረስናቸው።

ዓይናቸውን ሲገልጡ ጠጋ ብዬ፣ «ጋሼ፣ ለምጃለሁ ይሉ አልነበር?» አልኳቸው።

«እኔ የለመድኩት የድሮውን ነው» አሉኝ።