እሸቴና አበልጆቹ

አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ሲሉ፣ ሃምሳው ሰው ሁሉ ሎሚውን ይዞ እኩል እንደሚራመድ አስበው ነው። አርባ ዘጠኙ መንገድ ላይ ዘመድ አገኘን ብለው ሎሚያቸውን ለአንዱ አስይዘው ለሰላምታ ቢቆሙስ? ይህን አበው አላሰቡበትም። ወይም አስበውበት፣ ተሸካሚው እኔ እንደምሆን ስላወቁ ዝም ብለዋል። እናንተም ብትሆኑ በዕድሜያችሁ እንዲህ ያለ ሸሪክ ሳይገጥማችሁ አይቀርም፤ ከባድ ዕቃ ለሁለት ስታነሡ ማቃሰቱን ለራሱ ወስዶ ክብደቱን ወደ እናንተ የሚያጋድል። ካልገጠማችሁ ምናልባት ያ ሸሪክ እናንተ ናችሁ።

የእኔው እሸቴ ይባላል።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። እኔ ያኔ ጎንደር ከተማ ጋራዥ ውስጥ የምሠራ፣ ከመኪና ሥር ስወጣ ደግሞ ትግል የምወድ ጎረምሳ ነበርሁ። ትግላችን እንደምታውቁት ቀላል ነው፤ ሁለት ሰው ወገብ ለወገብ ይያያዛል፣ ጀርባው መሬት የነካው ይሸነፋል፣ አለቀ። ታዲያ አንድ ቀን ከውጭ አገር ትምህርት የተመለሰ የስፖርት ኃላፊ ተሾመልንና ትግላችንን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «ጓዶች፣ ይኼ ግለኝነት የተጠናወተው ስፖርት ነው» አለ። አንድ ሰው ብቻውን ታግሎ ብቻውን ማሸነፉ ለካ ከአብዮቱ ጋር አይሄድም ኖሯል። ስለዚህ የጥንድ ትግል ታወጀ። ሁለት ለሁለት ነው፤ አንዱ በኖራ በተሰመረው ክብ ውስጥ ይታገላል፣ ጓዱ መስመሩ ላይ እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል። የደከመው የጓዱን እጅ ነክቶ ይወጣል፣ ጓዱ ይገባል። ከሁለቱ የአንዱ ጀርባ መሬት ከነካ ሁለቱም ተሸነፉ። በወሬ ደረጃ እንዴት ያምራል መሰላችሁ!

ጥንዶቹ ሲመደቡ የሠራተኛውና የገበሬው ኅብረት ይታይ ተባለ። ሠራተኛው እኔ ሆንሁ። ገበሬው ከአምባ ጊዮርጊስ የመጣው እሸቴ ሆነ። ሠላሳውን ካለፈ የቆየ፣ አንገቱ ከጭንቅላቱ የሚወፍር፣ አገሩ ላይ ወይፈን በቀንዱ ይዞ ያስተኛል የሚባል ሰው ነው። ሳየው ለታቦቱ ስእለት ልሳል ምንም አልቀረኝ። እንዲህ ያለ ሰው ከጎኔ ካለ እኔ መስመሩ ላይ ቆሜ ማጨብጨብ ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ አልሁ።

የመጀመሪያው ውድድር ኮላ ድባ ነበር። እሸቴ ገባ፣ ባላጋራውን ወገቡን ያዘ፣ ቀና ብሎ ፊቱን አየው። «አንተ! የዓለሙ አባት አይደለህም እንዴ?» አለና ለቀቀው። ሦስት ጊዜ አገላብጦ ሳመው፣ ስለ ከብቱ ጠየቀ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቀ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መጥቶ እጄን ነካ።

«ምነው አያ እሸቴ?» አልሁት።

«አበልጄ ነው። ልጁን ክርስትና ያነሣሁለት እኔ ነኝ። የአበልጅን ጀርባ መሬት ማስነካት ነውር ነው። በል ግባ።»

ገባሁ። ጣልሁም። የግራ ትከሻዬን ግን እዚያው ኮላ ድባ ጥዬው መጣሁ ማለት ይቻላል።

አንድ ጊዜ ቢሆን ባልከፋ። ሰውየው በዚያ አገር ያላነሣው ልጅ፣ ያልተዛመደው ቤት የለም። የሌለውንም ያበጃል። እኔ ላቤን አፍስሼ ሰው በጣልሁ ቁጥር እሸቴ ከኋላዬ ይሄድና «ልጅ ነው፣ አትቀየሙት» እያለ ስለ እኔ ይቅርታ ይጠይቃል። ይቅርታ ጠያቂ ደግሞ በባዶ አይሸኝም፤ ጠላ ይቀዳለታል፣ ዶሮ ይታረድለታል። እንዲህ ባለ ቤት መቼም ክርስትና ያልተነሣ ሕፃን አይጠፋም። በሚቀጥለው ውድድር ያ ሰው ተመልሶ ሲመጣ አበልጅ ሆኖ ነው። የጥንድ ትግል የተባለው እንግዲህ ይህ ነው፦ እኔ እታገላለሁ፣ እሱ ይዛመዳል። እኔ እከሳለሁ፣ እሱ ይወፍራል። እስቲ እናንተ ፍረዱ!

ቢብሰኝ ኃላፊው ቢሮ ገብቼ «ጓድ፣ ጥንዴን ቀይሩልኝ» አልሁት። ተነሥቶ በሩን ዘጋ፣ ድምፁንም ዝቅ አደረገ። «ጓድ እሸቴ የኅብረት መንፈስ ምሳሌ ነው፤ እሱን አትንካብኝ» አለኝ። ምክንያቱን በኋላ ሰማሁት። በየስብሰባው ስለ ጎታች ባህል የሚሰብከን ሰው የገዛ ልጁን ገና ሳይነጋ ገጠር ቤተ ክርስቲያን ወስዶ አስጠምቆታል። ክርስትና ማን ያነሣለት ይመስላችኋል?

ይህ ሁሉ ቀልድ ሊሆን ይችል ነበር፣ ብሔራዊ ውትድርና ባይመጣ። የሰፈሬ ልጆች አንድ በአንድ ይጫኑ ጀመር። እናቴ በር በተንኳኳ ቁጥር ትደነግጣለች። ያን ጊዜ፣ በፍጻሜው የሚያሸንፈው ጥንድ የክፍለ ሀገሩ ቡድን አባል ይሆናል፣ የቡድኑ አባል አይዘምትም ተባለ። ለፍጻሜ የደረስነው እኛና ከጃናሞራ የመጡት ዳኘውና ወንድሙ ነን። እነሱም እሸቴም ዕድሜያቸው ያለፈ ነው። ከአራታችን የሚላከው እኔ ብቻ። ፈርቼ ነበር፤ አልዋሻችሁም።

ጃናሞራ ሩቅ መሆኑ ትንሽ አጽናናኝ፤ እሸቴ እዚያ የሚያውቀው ሰው የለም። ቢሆንም አላመንሁትም። «አያ እሸቴ፣ ፍጻሜው እስኪያልፍ ከጃናሞራ ሰው ልጅ ክርስትና እንዳታነሣ ማልልኝ» አልሁት። ማተቡን ይዞ ማለልኝ።

የፍጻሜው ዕለት፣ እሑድ ጠዋት፣ በሬን አንኳኳ። «ጌትዬ፣ ነጠላህን ልበስ፤ ቤተ ክርስቲያን ደርሰን እንምጣ።» ለድል ሊያስጸልይልኝ መስሎኝ ደስ እያለኝ ተከተልሁት። ስንደርስ የአርባ ቀን ወንድ ልጅ የታቀፈች ሴት ቆማለች። ከጎኗ ዳኘው። ምጥ ጠንቶባት ሆስፒታል የመጣች የሱ ሚስት ናት፤ እዚሁ ወልዳ እዚሁ ሰነበተች፣ ክርስትና አንሺው ዘመድ ደግሞ ከአገራቸው ከመካነ ብርሃን መኪና አጥቶ ቀረ። እሸቴ ለኪዳን መጥቶ ይህን ሰምቷል።

እሸቴን በዓይኔ ወጋሁት።

«ምነው ትቆጣለህ?» አለኝ። «እኔ እንዳላነሣ ማተቤን ይዤ ምዬልሃለሁ። አንተ ግን አልማልህ።»

ምን ትሉታላችሁ? ልቆጣ አፌን ስከፍት ቄሱ «የክርስትና አባቱ ማን ነው?» አሉ። ሴትዮዋ አየችኝ። ሕፃኑ ብርዱን ሳይችል ያለቅሳል። እምቢ ይባላል? እጄን ዘረጋሁ። በልቤ ግን «እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፤ የእሸቴ ነውር እኔን አያስረኝም። ከሰዓት በኋላ አባቱን እጥለዋለሁ» አልሁ።

ከሰዓት በኋላ ሜዳው ጢም ብሎ ሞላ። እኔና ዳኘው ተያያዝን። ብዙም ሳንቆይ እግሩን ጠለፍሁት፤ አንድ መግፋት ብቻ ቀረኝ። ያን ጊዜ ከደረቱ የሜሮን ሽታ መጣ። ልጁን ታቅፎ ውሏል። የእኔም እጅ ያንኑ ይሸታል። ልገፋው ብል ክንዴ አልታዘዝ አለኝ። የእናቴ በር ትዝ አለኝ፣ የሚጫኑት ልጆች ትዝ አሉኝ፤ ክንዴ ወይ ፍንክች። የሚገርማችሁ እሱም አይገፋኝም። እንደ ተቃቀፍን ቆመን ቀረን።

«ጓዶች፣ ታገሉ እንጂ!» ብሎ ኃላፊው ፊሽካውን ነፋ።

«አበልጄ፣ ምን ይሻላል?» አለኝ ዳኘው በጆሮዬ።

የሚሻለውን ባውቅ እዚያ እገኛለሁ? ለቀቅሁት። እግሬን እየጎተትሁ ሄጄ የእሸቴን እጅ ነካሁ። አለቀልኝ ብዬ መስመሩ ላይ ተቀመጥሁ።

እሸቴ ገባና ዳኘውን ወገቡን ሳይዝ መጠየቅ ጀመረ። የማን ልጅ ነህ? እናትህስ? አያትህስ? እስከ ሰባት ቤት ወረደ። ሕዝቡ ያጉረመርማል፣ ኃላፊው ሰዓቱን ያያል። በመጨረሻ እሸቴ በእውነት አዝኖ ራሱን ነቀነቀ። «ከእኔ የሚገናኝ የለም» አለ። ከዚያ ዳኘውን ከመሬት አነሣው፣ አየር ላይ አዞረው፣ ቀስ አድርጎም በጀርባው አስተኛው። አቧራ እንኳ አላስነሣም።

ሜዳው በጩኸት ተናወጠ። እኔ አለቀስሁ። ከደስታ ነው ብለው አጨበጨቡልኝ። መትረፌማ ደስ ብሎኛል፤ ያስለቀሰኝ ግን ንዴት ነው።

«አያ እሸቴ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ትችል ኖሯል?» አልሁት።

«እንዴታ! ማን አይችልም አለህ?» አለኝ፤ ዳኘውን ከመሬት እያነሣ፣ ጀርባውን እያራገፈ፣ የሚቀጥለው ልጁ መቼ እንደሚወለድ እየጠየቀ።

አልተላክሁም፤ እናቴም እንቅልፍ አገኘች። እሸቴ ግን በትግል ዘመኑ አንድም ቀን ጀርባው መሬት ያልነካ ብርቱ ተብሎ መድረክ ላይ ተሸለመ። እውነት ነው፣ አልነካም። አበልጁን ማን ይጥላል? እኔ ከታች ሆኜ በደህናው እጄ ጭኔን እየመታሁ አጨበጨብሁለት። ያኔ ነው በልቤ የማልሁት፦ ይህ የጥንድ ትግል የሚሉት ነገር ያብቃ እንጂ፣ አንድ ቀን እሸቴን ለብቻው ሜዳ አውጥቼ በጀርባው አስተኛዋለሁ።

የጥንድ ትግሉ ሲያበቃ እኔም አግብቼ ነበር። ቀኑን ቆርጬ ልነግረው ስሰናዳ ሚስቴ ወንድ ልጅ ወለደች። ወሬውን ማን እንዳደረሰለት አላውቅም፤ እሸቴ ከአምባ ጊዮርጊስ ሙክት እየነዳ ከች አለ። ሙክቱን እንኳ ሳያስገባ፣ ገና ከደጃፍ ሆኖ፣ «ለመሆኑ ይህን ሸጋ ልጅ ማን ያነሣዋል?» ሲል ሚስቴ ከውስጥ «ከእርስዎ ሌላ ማን አለን!» ብላ መለሰች።

እነሆ ዛሬ ብርድ በሆነ ቁጥር ትከሻዬ ይነዘንዘኛል፤ ቅባት ይዞ የሚመጣልኝም እሱ ነው። በትግል ዘመኔ ከልቤ ልጥለው የተመኘሁት አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱም አበልጄ ነው።