ሃምሳ አለቃ ጠብታ

በየመሥሪያ ቤቱና በየዘመዱ ቤት፣ እኛ እጃችንን ታጥበን ዘወር ስንል ከኋላችን መጥቶ የዘጋነውን ቧንቧ ደግሞ የሚያጠብቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ቧንቧው ተዘግቷል፤ መዘጋቱን እሱም ያያል። የእኛን አዘጋግ ግን አያምንም። አንዳንዱ አጎት ነው፣ አንዳንዱ አማት፣ አንዳንዱ አከራይ። እነዚህ በስንት ጣዕማቸው። በአንድ የወታደር ካምፕ የወጥ ቤት ኃላፊ በሆነች ሴት ላይ የታዘዘባት ግን ማዕረግ ያለውና ፊሽካ በአንገቱ ያንጠለጠለ ነበር።

ይህችን ሴት ካምፑ በሙሉ «እትዬ» ነው የሚላት። ሃያ ሁለት ዓመት ለአራት መቶ ሰው ስታበስል ኖራለች። ኮሎኔሉ እንኳ ወጥ ቤቷ የሚገቡት በሩን አንኳኩተው ነው። ሃምሳ አለቃው ግን ሳያንኳኳ ገባ። በጋው ሊጠና ሲል አንድ የቆርቆሮ ሻንጣና አንድ ሜትር ይዞ «የውሃ ቁጠባና መልሶ መጠቀም ኃላፊ» የሚል ደብዳቤ አስይዘው የላኩት ሰው ነው። ካምፑ ደብዳቤውን ሲያይ ሰውየው የሆነ ቦታ አጥፍቶ እዚህ የተጣለ መሰለው። በማግስቱ ገና ሳይነጋ ድንች አጣቢዎቹ አናት ላይ ቆሞ ተገኘ።

«እትዬ፣ ይሄ ውሃ ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ወደ ቦዩ።»

«ከዚያስ?»

«ሃምሳ አለቃ፣ የእኔ ሥራ ድንቹን መቀቀል ነው። ከቦዩ ወዲያ ያለውን አላውቅልዎትም።»

«ችግሩ እሱ ነው» አለና ደብተሩ ላይ አንድ ነገር ጻፈ።

ሳምንት ሳይሞላ በየመታጠቢያው ሥር በርሜል ተደቀነ። የድንቹ እጣቢ ለችግኝ ሆነ። የልብስ እጣቢው በጠጠር፣ በአሸዋና በከሰል በተሞላ ጉድጓድ አልፎ፣ ትንሽ ጠርቶ፣ መጸዳጃ ቤት ሊያጸዳ ተላከ። የመኪና እጣቢውም ዘቅጦ ተመልሶ መኪና አጠበ። ሾፌሮቹ «በዚህ ካምፕ ጡረታ የማያውቀው ውሃ ብቻ ነው» ይሉ ጀመር። ስሙንም ያወጡለት እነሱ ናቸው፤ «ሃምሳ አለቃ ጠብታ»። አንድ ቀን ከመካከላቸው አንዱ ደፈር ብሎ «ኧረ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» ቢለው፣ ሃምሳ አለቃው ፊቱን ሳያጠቁር «እሱን የተረተው ሰው ባልዲ አልነበረውም» ሲል መለሰለት።

የገላ መታጠቢያው ሕግ ደግሞ ሦስት ደቂቃ ነው። አንድ ፊሽካ መራስ፣ ሁለት ፊሽካ ሳሙና፣ ሦስት ፊሽካ መለቅለቅ፤ ከዚያ ክቡር ሃምሳ አለቃው በገዛ እጃቸው ዋናውን መዝጊያ ይጠመዝዙታል። ተኩስ ውስጥ ቀጥ ብሎ የሄደ ወታደር፣ ሁለተኛው ፊሽካ ሲሰማ ከብብቱና ከአንገቱ ለየትኛው ቅድሚያ እንደሚሰጥ ግራ ይገባው ነበር።

ኮሎኔሉ ይህ ሕግ ከማዕረጋቸው በታች ላሉት የወጣ መስሏቸው ኖሯል። አንድ ጠዋት ለሰልፍ ሊደርሱ እየቸኮሉ ገብተው ጭንቅላታቸውን በአረፋ እንደሸፈኑ ውሃው ቀጥ አለ። ፎጣ አገልድመው ወጡ።

«ማነው የዘጋው?»

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ። ሦስት ደቂቃዎ ሞልቷል።»

«እኔ ማን እንደሆንኩ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ፣ ጌታዬ። እንዲያውም ፀጉርዎ አጭር ስለሆነ ሁለትም ይበቃዎት ነበር።»

የዚያን ዕለት ኮሎኔሉ ሰልፉን የጎበኙት ግራ ጆሯቸው ውስጥ አረፋ እንደ ጥጥ ተወትፎ ነው። አልፈው እስኪሄዱ አራት መቶ ሰው ትንፋሹን ዋጠ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳቅ እትዬ ከወጥ ቤቷ ሰማችው።

ሰውየው ከካምፑ መነቀል እንዳለበት ተወሰነ። ነገር ግን ኮሎኔሉ «ገላዬን አላስታጥብ አለኝ» ብለው መጻፉ ስላሳፈራቸው ሌላ ከሳሽ ፈለጉ። ሩቅ አልሄዱም። እትዬ ባለፉት ወራት ሦስት ደብዳቤ አስገብታለች። የመጀመሪያው ሩዝ ስንት ጊዜ እንደምታጥብ ቆሞ እንደሚቆጥርባት ይገልጻል። ሁለተኛው ከድስቷ የሚወጣው እንፋሎት የት እንደሚሄድ እንደጠየቃት። ሦስተኛው አጭር ነው፤ «ወይ እሱ ወይ እኔ» ይላል። ሐሙስ ጠዋት መጥታ በቃሏ እንድታስረዳ ተነገራት።

ረቡዕ በወር አንዴ ወደ ቤቷ የምትሄድበት ቀን ነበር። ሰፈሯ ከካምፑ አጥር ማዶ፣ ከዚያው ከካምፑ የውሃ ጉድጓድ የሚጠጣ ሰፈር ነው። በየበጋው የሰፈሩ ቧንቧ ሲከፈት አየር ብቻ እየተነፈሰ ያጉረመርማል። ያኔ ታናሽ እህቷ ጀሪካን አዝላ የአንድ ሰዓት መንገድ ትሄዳለች። እትዬ በሩን ስትከፍት እህቷ በረንዳ ላይ ተቀምጣ፣ እግሯን ሳፋ ሙሉ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋ አገኘቻት።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እግሬን እየታጠብኩ።»

«በዚህ ወር?»

«ቧንቧው ከመጣ ሦስት ሳምንቱ ነው፤ ሄዶም አያውቅ» አለች እህቷ። «ደግሞ ካምፓችሁን ምን ነካው? ድሮ እናንተ ጠጥታችሁ የተረፈው ነበር የሚደርሰን። የውሃ ሠራተኛው እንደነገረን ዘንድሮ የምትስቡት በግማሽ ቀንሷል።»

እትዬ የእህቷ ተረከዝ፣ በስንት ዓመት መንገድ የተሰነጣጠቀው፣ ሳፋው ውስጥ ሲለሰልስ ቆማ አየች። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብታ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ አልጋ ላይ ተቀመጠች።

ሐሙስ ኮሎኔሉ ሦስቱንም ደብዳቤ በተራ አነበቡ። ሃምሳ አለቃው ጥግ ላይ ተገትሮ፣ ዐይኑን ከመስኮቱ ውጭ ካለው ቧንቧ ሳይነቅል አዳመጠ።

«እትዬ፣ ይህ ፊርማ የእርስዎ አይደለም?»

«የእኔ ነው። ስጽፈው ተናድጄ ነበር።»

«ሦስቱንም?»

«ሦስት ጊዜ ተናድጃለሁ።»

«አሁንስ?»

«አሁንም ተናድጃለሁ» አለች እትዬ። «ሰውየው ያናድዳል፣ ጌታዬ። ግን ከአጥሩ ማዶ ያሉ ሴቶች ጀሪካናቸውን አስቀምጠዋል። የድሮው ይሻላል ካላችሁ፣ መጀመሪያ ሄዳችሁ ለእነሱ ንገሯቸው። እኔ አልነግርም።»

ኮሎኔሉ ረዘም ላለ ጊዜ ወረቀቶቹን አገላበጡ። ሳያውቁት እጃቸው ወደ ግራ ጆሯቸው ሄዶ ነበር። «እኔ ያለ ምስክር ሰው አላዛውርም» አሉ በመጨረሻ፣ ደብዳቤዎቹን እየመለሱላት።

እትዬ ሰውየው ያመሰግነኛል ብላ በር ላይ ቆይታ ነበር። ሃምሳ አለቃው መጥቶ ኮፍያውን አስተካከለና «እትዬ፣ ሩዝ እኮ ሁለት ጊዜ ከታጠበ ይበቃዋል» ብሏት አለፈ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። እትዬ እስከ ወጥ ቤቷ ድረስ ብቻዋን እያጉረመረመች ሄደች።

ከዚያ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ሃምሳ አለቃው ወደቀ። በአጥሩ ጥግ የተቀበረ የቧንቧ መስመር ያፈሳል ብሎ ጠርጥሮ፣ ከጠዋት ጀምሮ አካፋ ይዞ ሲቆፍር ቆይቶ እኩለ ቀን ላይ ቦዩ ውስጥ ተዘርግቶ አገኙት። ሐኪሙ መረመረውና «ይሄ ሰውዬ ሲነጋ ጀምሮ ጠብታ ውሃ አልቀመሰም» አለ። ወሬው ካምፑን በአንድ እግሩ አቆመው። የውሃ ኃላፊው ውሃ ጠማው! ሾፌሮቹ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እትዬም ሳቀች። ከዚያ ሽርጧን ፈትታ አንድ ማንቆርቆሪያ የፈላ ውሃ አቀዝቅዛ ወደ ክሊኒኩ ሄደች።

ከንፈሩ ደርቆ፣ ክንዱ ላይ የጉሉኮስ መርፌ ተተክሎበት ተኝቷል።

«ምን ሆኑ?»

«ረሳሁት።»

«ምኑን?»

«መጠጣቱን።»

እትዬ ልትቆጣው ያዘጋጀችው ብዙ ነገር ነበራት። የአራት መቶ ሰው ውሃ በሊትር በቃሉ የሚያውቅ ሰው፣ ራሱን ከቁጥሩ ውስጥ አላስገባም።

«አንተ ሰው» አለች። በእነዚህ ሁሉ ወራት አንተ ብላው አታውቅም። «አንተም እኮ ትጠጣለህ።»

ያኔ ነው እትዬ ሌላኛው እጁ ወደ ላይ ተዘርግቶ አንድ የሻይ ብርጭቆ መያዙን ያየችው። የጉሉኮሱ ቱቦ መጋጠሚያው ላይ ያንጠባጥባል። ብርጭቆው ከሥሩ ነው።

«አዲስ ቱቦ እያመጡ ነው፤ ተወው፣ ይፍሰስ ብዬ አፌ ደከመ» አለች አጠገቡ የቆመችው ነርስ።

እትዬ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀድታ እስከ መጨረሻው አጠጣችው። ከዚያ ወንበር ስባ አልጋው ጎን ተቀመጠችና የሻይ ብርጭቆውን ከእጁ ተቀብላ መጋጠሚያው ሥር ያዘችው።

«ትንሽ ወደ ግራ፣ እትዬ» አለ ሃምሳ አለቃው፣ ዐይኑን እንደጨፈነ።

ወደ ግራ አደረገችው።