የማይሸጥ ብስክሌት ሻጭ

ሸጦ የማያውቅ ሻጭ የሌለበት ሰፈር የለም። የለም የሚል ካለ ሰፈሩን ገና አላወቀውም ማለት ነው። ይህ ሰው ማስታወቂያ ይለጥፋል፣ ገዢ ያስገባል፣ ወንበር ይስባል፣ ዕቃውን እንደ ሙሽራ ገልጦ ያሳያል፤ ነገሩ መሸጥ ላይ ሲደርስ ግን ምላሱ ይተሳሰራል። አንዱ ሞተር የሌላትን መኪናውን ሃያ ዓመት ሙሉ "እየሸጠ" ነው። ሌላው የአባቱን የጽሕፈት መኪና። የእኛው ሰው ደግሞ ብስክሌት ይሸጣል፤ ይሸጣል ነው የሚባለው።

ክቡር ሻጭ ልበለውና፣ መተዳደሪያው የውሃ ቆጣሪ ማንበብ ነው። በቀን መቶ ያህል በር ያንኳኳል፤ አንዱም ውስጥ አይገባም። ቆጣሪ የሚቀመጠው ውጪ ነው። ከውስጥ "ማነው?" ይሉታል። "ውሃ" ይላል። "እዛው ከጥግ ነው" ይሉታል፤ አለቀ። ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው፤ በሥራ ሰዓት ከአፉ የሚወጣው ቃል አብዛኛው "ውሃ" ነው።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። በአንዱ እሱ ይተኛል፣ በሌላው ብስክሌቶቹ። ዝናብ በበረታበትና ጣሪያው ባፈሰሰ ጊዜ ብስክሌቶቹ ወደ እሱ ይመጣሉ፤ ያኔ አልጋው ላይ የሚወጣው በሁለት መሪዎች መካከል ጎኑን አሹልኮ ነው። ከቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ጓሮ የዛገ ቴላዮ አንስቶ ያመጣል፤ ቴላዮ የብስክሌቱ አጥንት ማለት ነው። በአሸዋ ወረቀት ይፍቀዋል፣ ቀለም ያለብሰዋል፣ ኩሽኔታውን በነዳጅ አጥቦ ግራሶ ያጎርሰዋል። አንዱን ፔዳል ከአንዱ ሬሳ፣ አንዱን ኮርቻ ከሌላው ሬሳ እያመጣ ሦስት ወር፣ አራት ወር ይለፋል። በመጨረሻ የኋላውን ጎማ በጣቱ መታ ያደርግና ጆሮውን አስጠግቶ ሲዞር ይሰማዋል። ድምፅ ከሌለው ጨርሷል።

ይህን ሁሉ የሚሠራው ሄቪ ሜታል እየሰማ ነው። ሰው ሙዚቃውን ሲሰማ ቤት እየፈረሰ ይመስለዋል፤ እሱ ግን ቀና ሳይል ያስረዳል። "ይሄ ጩኸት አይደለም። ረጋ ብለህ ስማው። ከበሮ መቺው በሁለት እግሩ ነው የሚመታው፤ እግሩ ሥር ያለውስ ምን ይመስልሃል? ፔዳል ነው።" ይህን ብሎ አድማጩን ያያል፤ ሰውየው ተገርሞ እንደሆነ ለማወቅ። ተገርሞ ያገኘው የለም።

እናቱ በሕይወት ሳለች የሙዚቃው ጠላት ነበረች። ከወዲያኛው ክፍል በጫማዋ ግድግዳውን ትደበድባለች፣ እሱ ትንሽ ዝቅ ያደርጋል፣ እሷ ዝም ትላለች፣ እሱ መልሶ ከፍ ያደርጋል። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ተከራክረዋል። እናቱ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆናት። ከቀብሩ ማግስት፣ አሁን እንደ ልቤ ነኝ ብሎ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈተው። የአንዱን ዘፈን ግማሽ ሳያደርስ ቀነሰው። ከዚያ ወዲህ የሚያዳምጠው በለሆሳስ ነው፤ ሄቪ ሜታልን በለሆሳስ የሚሰማ ሰው በዓለም ላይ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ማስታወቂያውን መለጠፍ የጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። ከባለሱቁ በር አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ፣ በሰፋፊ ፊደል፦ "የሚሸጥ ብስክሌት። በእጅ የተሠራ። ዋጋ በስምምነት። ቅዳሜ ከሰዓት መጥተው ይዩት።" ከሥር አድራሻው አለ፤ ስልክ የለም። የሚደውል ሰው ዋጋ ጠይቆ ይዘጋል፤ እግሩን አንስቶ የመጣ ሰው ግን ቢያንስ ይቀመጣል።

መጡም፣ ተቀመጡም። ሁለተኛ ብርጭቆ ገዛ፤ ሻይ አፈላ። አንዱ አስተማሪ "ስንት ማርሽ አለው?" ብሎ ቢጠይቀው፣ "አንድ። የእርስዎስ ልብ ስንት ማርሽ አለው?" አለና ሸኘው። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ለሥራ መመላለሻ ፈልጎት መጣ። "ዝናብ ሲጥል የት ታቆመዋለህ?" "ደጅ ነዋ።" የጥበቃው ጉዳይ እዚያ ላይ ተዘጋ። ፎቶ አንሺው ሙሽሮች እየተደገፉት ሊያነሳበት እንደሆነ ሲነግረው ደግሞ ክቡር ሻጭ ብድግ ብሎ ወደ ጓዳ ገባ፤ እስኪመለስ ፎቶ አንሺው ሄዷል።

የሚያስቸግሩት ጥሩ ገዢዎች ናቸው። ብስክሌቱን በትክክል የሚያነሱ፣ ስለ ኩሽኔታው የሚጠይቁ፣ ዝናብ የማያስመቱ። ለእነሱ የተለየ ዘዴ አለው። ሰውየው ሻዩን ፉት ሲል ወይም ፊቱን ወደ መስኮት ሲያዞር፣ በጣቱ የፍሬኑን ብሎን ሩብ ዙር ያላላዋል። ከዚያ ገዢው ሲሞክረው ፍሬኑ አይዝም። "ገና ነው" ይላል ክቡር ሻጭ ራሱን እየነቀነቀ። "ፍሬኑ ይቀረዋል። የሰው ነፍስ ነው። የሳምንት ቅዳሜ ብቅ ይበሉ።" የገዛ እጁን ሥራ በገዛ እጁ ማበላሸቱን ያውቃል። ግን ሰውየው ብስክሌቱን ይዞ ከወጣ ቅዳሜን ምን ያደርጋታል?

በአንዱ ቅዳሜ ሲስተር መጣች።

ስሟን አልጠየቃትም፤ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ነርስ መሆኗን ነገረችው፣ "ሲስተር" አላት፣ በዚያው ቀረ። ስድሳ የሞላት፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። ብስክሌቱን አሁን እንደተወለደ ሕፃን ነው ያየችው፤ ጎማውን በአውራ ጣቷ ተጫነች፣ የሰንሰለቱን ቀለበቶች ቆጠረች፣ ጎንበስ ብላ ከሥር አየችው። "ኮርቻው ትንሽ ከፍ ይላል" አለች። ተቀመጠች። ሻይ ጠጣች። ስለ ከበሮ መቺው እግር ሲነግራት "እውነትዎን ነው?" አለችና ጆሮዋን ወደ ማጫወቻው አዘነበለች። "የማዋለጃ ክፍል ሌሊቱን እንዲህ ነበር" አለች። "ሁሉም ይጮሃል፣ ግን ሥራ ላይ ነው።"

ክቡር ሻጭ ብርጭቆዋን እንደገና ሞላላት።

ስትወጣ፣ "ላስብበት" አለች።

በሳምንቱ መጣች፤ ኮርቻው ዝቅ ብሏል፤ አሁን መሪው ጠበባት። በሳምንቱ መሪው ተቀይሯል፤ ቀለሙ ደመቀባት። በመካከል ወሬ ይሄዳል። "ሠላሳ አንድ ዓመት ሕፃናት ተቀብያለሁ" አለችው አንድ ቀን። "ሦስት ሺህ ያልፋሉ። መንገድ ላይ ስሄድ ይሄ ሁሉ ወጣት ከየት መጣ እላለሁ፤ ከእኔ እጅ ነው የመጣው። አንዱም ግን አያውቀኝም።" እሱም ስለ በሮቹ ነገራት፤ ስለ መቶው በር። ለሰው ሲነግር የመጀመሪያው ነበር። እሷ "ላስብበት" እያለች፣ እሱ "ገና ነው" እያለ፣ ፍሬኑም እየላላ እየጠበቀ፣ ስድስት ቅዳሜ አለፈ።

ከስድስተኛው በኋላ ባለሱቁ ዳቦ እየጠቀለለለት፣ "ያቺ ሲስተር እርስዎም ጋ ትመጣለች አሉ" አለው።

"ትመጣለች። ብስክሌት ልትገዛ።"

"ትገዛለች ብለው ነው? ይሄ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ እሷ ሳታየው የቀረ ነገር የለም። ጎረቤቴ የሚሸጠው ሶፋ ላይ አራት ቀን ሙሉ ተቀምጣለች። አንዲት ማንኪያ ስትገዛ ያየ ሰው ግን አምጡልኝ።"

ክቡር ሻጭ ደሙ ፈላ። ስድስት ቅዳሜ ተቀልዶበታል። ሊገዛ ሳያስብ የሰው ቤት ገብቶ ሻይ የሚጠጣ፣ የሰው ጊዜ የሚያባክን ሰው ምን ይባላል? ይህን እያለ ቤቱ ደረሰ፣ ቁልፉን በሩ ላይ ሰካ፤ እንደሰካው ቆመ። ሊሸጥ ሳያስብ ሰው ቤቱ የሚያስገባስ? ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ዳቦው እስኪደርቅ እዚያው ነበር።

ቅዳሜ ሲደርስ ሁሉንም ሊነግራት ቆርጦ ፍሬኑን እንደሚገባው አጠበቀው፣ ሸሚዝ ቀየረ፣ ሻዩን ጣደ። ሲስተር አልመጣችም። ሻዩ ቀዘቀዘ፤ አሞቀው፤ ደግሞ ቀዘቀዘ። በሚቀጥለው ቅዳሜም አልመጣችም። አንድ ገዢ መጣ፣ ጥሩ ገዢ፤ ምን እንደተባባሉ እንኳ ትዝ አይለውም።

ስሟን አያውቅም፣ ስልኳን አያውቅም፣ ቤቷ "ወደ ታች ነው" ከማለት በቀር አልነገረችውም። በሥራው ላይ በየበሩ የሚመልስለትን ድምፅ ማጥናት ጀመረ። "ውሃ" ይልና "እዛው ከጥግ ነው" የሚለውን ድምፅ ጆሮውን ጥሎ ያዳምጣል። የእሷ አይደለም። በሦስተኛው ቅዳሜ ግን አንድ ነገር መጣለት፤ ሰሌዳው ላይ ያለውን ማስታወቂያ ሁሉ በወረቀት ገልብጦ፣ በሠራው ብስክሌት ተነስቶ ወጣ። እሷ የምትሄድበት ሁሉ ይሄዳል።

ፍሪጅ የምትሸጠው እመቤት አስታወሰቻት። "መጥታ ነበር። ከፈተችው፣ ዘጋችው፤ 'ብቻውን ለሚኖር ሰው ይሰፋል' ብላ ሄደች።" አልጋ የሚሸጠው ሽማግሌ ደግሞ ሲስተርን አላያትም፤ ክቡር ሻጭን ግን በቀላሉ አልለቀቀውም። አልጋው የሚስቱ ነበር፤ የሕመሟን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረው፣ ሁለት ሰዓት ፈጀ። እሱም እየሰማ የላሉትን ብሎኖች በካቻቢቴ አጠበቀለት። ሲነሳ ሽማግሌው በዓይኑ እየተከተለው፣ "እንግዲህ ይወስዱታል?" አለው።

"ላስብበት" ብሎ ሲወጣ ሰማው ራሱን።

የመጨረሻው ማስታወቂያ ቁም ሳጥን ነበር። ግቢው ውስጥ ሦስተኛው በር። አንኳኳ። ከውስጥ "ማነው?" ተባለ፤ ከልማድ የተነሳ "ውሃ" ሊል ምንም አልቀረውም። ድምፁን አወቀው።

"ቁም ሳጥኑን ለማየት ነበር" አለ።

"ክፍት ነው፣ ይግቡ።"

ሲስተር አልጋው ላይ ትራስ ደገፍ ብላ ተቀምጣለች፤ ቀኝ እግሯ እስከ ጉልበቷ በጀሶ ታሽጓል፤ ሁለት ክራንች ወንበሩ ላይ ተጋድሟል። አየችው፣ መነጽሯን አደረገች፣ ደግማ አየችው።

"እግሬ ደረጃ ስቶ ነው" አለች። "መውጣት አልቻልኩም። ለጎረቤቴ አንዲት ማስታወቂያ ጽፌ ሰጠኋት፣ ለጠፈችልኝ።"

ወዴት እንደሚያይ ጠፍቶት ቁም ሳጥኑን ከፈተ። ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ቀሚሶች፣ ብርድ ልብሶች፣ በስተጥግ አንድ የታጠፈ ነጭ የሥራ ልብስ።

"ልብስ አለበት" አለ።

"አላወጣሁትም።"

"ስንት ሰው መጣ?"

"እርስዎ አራተኛ ነዎት።"

"ለምን አልሸጡላቸውም?"

"ለቁም ሳጥን የሚሆኑ ሰዎች አይደሉም" አለች፤ ፊቷ ላይ ፈገግታ የለም።

በሩን መልሶ ዘጋው፤ ማጠፊያው ጮኸ። ጀርባውን እንደሰጣት፣ "ፍሬኑ ደህና ነው" አለ። "ከመጀመሪያውም ደህና ነበር። እኔ ነኝ የማላላው።"

"አይቻለሁ።"

"መቼ?"

"በሁለተኛው ቅዳሜ። ፊቴን ወደ መስኮቱ ሳዞር በመስታወቱ ታዩኝ። እኔ ደግሞ ብስክሌት መንዳት አልችልም። በሕይወቴ ወጥቼበትም አላውቅም።"

ያን ዕለት እስኪመሽ ከእሷ ዘንድ ነበር። ማጠፊያውን ግራሶ ቀባው። ሻይ አፈላ፤ ስኳሩን ራሷ እያመለከተችው ፈለገ። ሲወጣ ስሟን ጠየቃት፤ ነገረችው። ስሟ የእነሱ ነው፤ እዚህ አልጽፈውም።

ጀሶው ከወለቀ በኋላ ሐኪሙ፣ ጉልበቷ እንዲፍታታ እግሯን እንድታንቀሳቅስ አዘዛት። በቀጣዩ ቅዳሜ ክቡር ሻጭ ብስክሌቱን ትከሻው ላይ ጭኖ፣ ማጫወቻውን ከረጢት ውስጥ ከቶ መጣ። ከእንጨት መቆሚያ ሠርቶለታል፤ የኋላው ጎማ ከመሬት ከፍ ብሎ አየር ላይ ይዞራል። መንዳት የማትችል ሰው ብትወጣበትም አይጥላትም፤ የትም አይሄድምና። ክንዷን ይዞ አወጣት፤ ኮርቻው ልኳ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ክቡር ሻጭ እያልኩ አላገጥኩበት። ከዚህ በኋላ ግን አንጀቴ እምቢ አለኝ።

አንድ ዘፈን ከፈተላት፤ ከበሮው ይሮጣል፣ እሷ ልትደርስበት ሞከረች፣ ትንፋሿ ተቆራረጠ።

"ቀስ ያለ የላቸውም እነዚህ ሰዎች?" አለች።

"አላቸው። ግን ያሳዝናል።"

"ይሁን።"

ቀስ ያለውን ከፈተው። አንድ ጊታር ብቻውን ጀመረ፤ ከበሮው ዘግይቶ፣ እንደ ከባድ እርምጃ ተከተለው። ሲስተር ከእሱ ጋር እኩል መርገጥ ጀመረች፤ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። ጎማው ያለ ድምፅ ዞረ። እሱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ብስክሌቱን ሳይሆን እሷን ያይ ነበር። ዘፈኑ ረጅም ነው፤ ሲያልቅ የእሷ እግር ጥቂት ቀጠለና ቆመ።

ፊቷን አላዞረችም።

"ድገመው" አለችው።

"ይድገሙት" አላለችም። ተነስቶ ደገመው።